ቅቤ የጠጣው ጓንትህ

ለውዱ ባለቤቴ ለእንድሪስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የኔ ጌታ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ፣ ቀብርህንም በኑር ይሙላልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው አረፋ አለፈ። የመጀመሪያው ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ ስለነበር እንዴት እንደዋልኩ አላስታውስም፤ የዘንድሮውን ግን አንተ የምትቀመጥበትን ቦታ እያየሁ ዋልኩ። ጊዜ ያቀልልሻል ይሉኛል። አንዳንድ ቀን እውነትም የቀለለኝ ይመስለኛል። ከዚያ ያልሰማ ደንበኛ ከገጠር ይመጣና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንድሪስ የት ሄደ ብሎ ይጠይቀኛል። መርዶውን እነግረዋለሁ፤ እኔም አብሬው እንደ አዲስ እረዳለሁ።

መቃብርህ ድረስ ሄጄ እንዳላወራህ ሴት ልጅ መቃብር አትመላለስም እያሉ ይገሥጹኛል። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ያልተናገርኩት ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርልኝም። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ሰው ቢያነበውም ያንብበው፤ የማወራው የገዛ ባሌን ነው፣ የሰው ባል አይደል።

ሁለት ወሬ ይዣለሁ። ልጃችን ከማል አገባ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ጓንትህ ግን እንደተውከው አይደለም። ሁለቱ ወሬዎች የተያያዙ ናቸውና የኋለኛውን ሰምተህ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አድምጠኝ።

ቤቱ አልሀምዱሊላህ ደህና ነው። ጓሮ የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። ፍሬው አንተ እንደፎከርክለት አይደለም፤ ቃጫው ጥርስ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። ጎረቤት እንዳይስቅብህ ብዬ እንድሪስ የተከለው ማር ነው እያልኩ አድላለሁ፤ እነሱም ይሉኝታ ይዟቸው ማር ነው ይሉኛል። ሱቁን አልዘጋሁትም። የሙሽራ ልብስ ማከራየቱን ትቼ ጨርቅና ክር እሸጣለሁ። የስፌት መኪናህ ከመስኮቱ ሥር ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ሻሽ ጣል አድርጌባታለሁ፣ ማንም አይቀመጥባትም። ሐራ ይደርሳል የተባለው ባቡር ገና ነው። ለከማል ሠርግ በባቡር ነው የምንሄደው ያልከኝን ብንጠብቅ ኖሮ ልጁ ሸብቶ ነበር የሚሞሸረው።

አሁን ወደ ጓንቱ ልመለስ። የመርሳን ሙሽራ ሁሉ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ ስታለብስ ኖረህ አንድም ሙሽራ በጓንት ነገር ሰምቶህ አያውቅም። ሁሉም የሚፈልገው ያንን የሚያብረቀርቅ ነጭ ናይለን ነበር። አንተ ደሴ ካስተማረህ ልብስ ሰፊ የወረስከው ደንብ ነበረህ፤ ነጭ የማታ ነው፣ ጥቁር የሐዘንተኛና የሞተረኛ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ለሚሞሸር ሰው ደንቡ አመድማ ወይም የገለባ መልክ ያለው ስስ ቆዳ ነው ትላቸው ነበር። ሙሽሮቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ በአክብሮት ይሰሙህና ነጩን ተከራይተው ይወጣሉ። አንተም እራት ላይ አኩርፈህ ትነግረኛለህ። እኔ ደግሞ ታዲያ ለምን ነጩን ገዝተህ ታስቀምጥላቸዋለህ ስልህ፣ ልጆች ደግሞ ምን ይብሉ ብለህ አፌን ታዘጋኛለህ።

ያን ጓንት ያገኘንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ታጭተን ነበር። ወልድያ ገበያ ልባሽ ተራ ገብተን ለሠርጋችን ልብስ ስንፈልግ፣ ወንድሜም እንዳንጠፋፋ እየተከተለን፣ የአንድ ካፖርት ኪስ ስትዳብስ የግራ እጅ ጓንት መዘዝክ። አመድማ፣ ስስ፣ ጀርባው ላይ ሦስት መስመር ስፌት የወረደበት፣ አንጓው ላይ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ የሚዘጋ። ፊትህ ወገግ አለ። ቀኙ ግን አልነበረም። ካፖርቱን ገለበጥክ፣ ቦንዳውን በተንክ፣ ነጋዴው ወይ ግዛ ወይ ተነሥልኝ እስኪል ድረስ መሬት ተንበርክከህ ፈለግህ። እኔ እንኳን በልቤ ይህ ሰውዬ ጤናም የለው ብዬ ነበር። ቀኙን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ፤ የሴት ሹራብ እጅጌ ውስጥ ተወትፎ።

ይህን ያህል ፈልገህ ስታበቃ ደግሞ ወዲያው መግዛት አልነበረብህም እንዴ! የለም። ቆዳውን ቆንጥጠህ ለቀቅህና እንደነበረ መመለሱን አየህ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን ለጠጥክ። ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙረህ መረመርክ። ከኪስህ ሜትር አውጥተህ የገዛ መዳፍህን ከአውራ ጣትህ በላይ ዙሪያውን ለካህ። ከዚያ አጥልቀህ ጨበጥክ፣ ዘረጋህ፣ ጨበጥክ። ጓንት የሚመረጠው በዓይን አይደለም አልከኝ፤ ጨብጠህ ነው። ስትጨብጥ ከጎተተህ ጠቧል፣ ከተሸበሸበ ሰፍቷል፣ ሁለቱንም ካላደረገ ያንተ ነው። የበግ ቆዳ ነው ብለህ ጨመርክ፤ ምናልባትም የኛው የወሎ በግ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ሠልጥኖ ወዳገሩ ተመለሰ። ያን ዕለት ነው ሳቅህን የወደድኩት።

በሠርጋችን ቀን ግን ጉድ አፈላህ። ያባቴ አገር ግራና እኮ ቆላ ነው። ሰው ጥላ ሥር ሆኖ ላቡን ሲጠርግ አንተ በቆዳ ጓንት መጣህ። ሙሽራው ይበርደዋል እንዴ፣ ወባ ይዞት ይሆን እየተባለ መንደሩ ተንሾካሾከ። አክስቴማ ሳታፍር ለእናቴ፣ እጁ ላይ የሚደብቀው ቁስል ቢኖርስ፣ ይውለቅና ይታይ አለቻት። እናቴ ደነገጠች። ኒካሁ ሲደርስ አንተ ከትንሿ ጣት ጀምረህ እያንዳንዷን ጣት ላላ አደረግህና የቀኙን አወለቅህ፤ በግራ እጅህ ያዝከው፤ ባዶ እጅህን ለአባቴ ዘረጋህ። አባቴም ጨበጠህ፣ ሼሁም ኒካሁን አሰሩ። ኋላ ለምን እንደዚያ እንዳደረግህ ስጠይቅህ፣ ኒካህ ሥጋ ለሥጋ ነው፣ በበግ ቆዳ አማላጅነት አይሆንም አልከኝ። አክስቴ ንጹሑን እጅህን ከሴቶቹ መጋረጃ ሥር አይታ ከሁሉ በፊት እልል ያለችው እሷው ናት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ሳጥኑን ከፍተህ ታወጣዋለህ። ጥላ ላይ ታናፍሰዋለህ፤ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ዘይት እንዳይነካው፣ ውኃ እንዳይነካው ትጠነቀቃለህ። ታጠልቀዋለህ፣ ትጨብጣለህ፣ ትዘረጋለህ፣ ለከማል ሠርግ ብለህ መልሰህ ትጠቀልለዋለህ። እኔ ጣውንቴ ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር። ጣውንቴ ዛሬ ፀሐይ ልትሞቅ ወጣች ወይ ስልህ፣ እሷስ አትጨቀጭቀኝም ትለኝ ነበር። አንድ ዓመት የቀኙ ሌባ ጣት ጫፉ ተተርትሮ አገኘኸውና ሙሉ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ ከውስጥ በኩል ሰፋኸው። ከውጭ እንዳይታይ ነው ያልከኝ፤ እውነትም አይታይም ነበር። ሥራህን እንዳይ ብትጋብዘኝም ጣውንቴን ደግሞ ላሞጋግስልህ ነው ብዬ አለፍኩህ።

በዚያ ክፉ ጊዜ ከመርሳ ስንሸሽ ሱቁን እንዳለ ጥለነው ወጣን። ስንመለስ አንድ ሱፍ አልተረፈንም፤ ነጩ ናይለን ጓንት እንኳ ተወስዷል። ያ አመድማ ጓንት ግን ደረትህ ውስጥ ነበር። ሰው ብርድ ልብስና ዱቄት ይዞ ሲሸሽ አንተ ጓንት ይዘህ ሸሸህ፤ ሳቅሁብህ፣ ተናደድኩም። ዛሬ አላህ ይስጥህ እላለሁ።

ስትታመም እጅህ አበጠ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል ግን ልጻፈው። ወልድያ ሐኪም ቤት በተኛህበት መጨረሻ ላይ እጅህን ስይዘው የማላውቀው እጅ ሆነብኝ። ጣቶችህ ተነፍተው፣ መርፌ ያጠነከረው የሌባ ጣትህ ጫፍ እንኳ ለስልሶ። ለሃያ ምናምን ዓመት ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጅ አንተ በሕይወት እያለህ ከኔ ተወሰደ። አንተም አይተኸኝ ኖሮ፣ እጄን ከፈለግሽው ጓንቱ ውስጥ አለልሽ ብለህ ለመቀለድ ሞከርክ። ከዚያ ቀልዱን ትተህ፣ በኒካሁ ቀን ከማል ያጥልቀው፣ አንቺም ቁሚና እይልኝ አልከኝ። ቃል ገባሁልህ። ያ የመጨረሻው ረጅም ንግግርህ ነው።

አንተን ከቀበርን በኋላ ሳጥኑን ስከፍተው ጓንቱ እውነትም እጅህን ይዞ ተቀምጧል። ጣቶቹ እንደ ጣቶችህ ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ መቀስ የምትይዝበት አውራ ጣት ወደ ጎን ወጣ ብሏል። ጠመኔና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል፣ አንተን ይሸታል። አራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘን ዒዳዬን ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ሁሉ በየቀኑ ከፍቼ አሸትተው ነበር። እጄን ግን አንድ ቀንም አላስገባሁበትም። ቅርጽህን እንዳላበላሽብህ ፈራሁ።

ከማል ከሐራ ልጅ አጨ። ሐያት ትባላለች፤ ዓይን አፋር ትመስላለች እንጂ ምላስ አላት፣ ትወዳት ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ ልጁን ጠርቼ ጓንቱን አወጣሁለት። ቢስሚላህ ብሎ አስገባ፤ አንጓው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። እጁ ያንተ አይደለም እንድሪስ፣ የኔ ወንድሞች የገበሬ እጅ ነው፤ የውኃ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም ውሎ ደግሞ ይብስ ሰፍቷል። ገፋ አደረገው፤ ስፌቱ ጢጥ ሲል ሁለታችንም ደንግጠን ተውነው። ይቅር እማ፣ ባዶ እጄን ብሆን አባቴ አይቀየመኝም አለኝ። እሱ የመሰለው ስለ ጓንት የምናወራ ነው። እኔ ግን ለሚሞት ሰው የገባሁትን ቃል ነበር የማየው፣ ሲቀደድ።

በነጋታው ወልድያ ወሰድኩት። ያንተን ካላጠለቀ ባንተ ደንብ የተመረጠ ያጥልቅ ብዬ ነው። ሜትርህን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ነጩን ናይለን ዘረጋልን፤ አመሰግናለሁ ብለን ወጣን። ሁለተኛው ባለሱቅ በማርያም ምሎ ለሙሽራ የመጣ ነው ያለን ጥቁር ጓንት አንጓው ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ የተደረደረበት ነበር፤ ወንድሜ፣ ልጄ የሚሄደው ኒካህ ነው ወይስ ቡጢ ግጥሚያ ስለው ሰውዬው ራሱ ሳቀ። ሌላው ቤት ወፍራም፣ ከውስጥ ጠጉራም፣ ለደጋ የሚሆን። ሌላው ቤት ቆዳ ነው ተብሎ ስቆነጥጠው እንደ ላስቲክ ተሸብሽቦ የቀረ። ከማል ደከመው። እኔ ግን፣ ቢገርምህ፣ ደስ እያለኝ ነበር። ቆዳ ስቆነጥጥ፣ ስፌት ወደ ብርሃን ሳዞር፣ አንተ ከጎኔ ቆመህ ይኸኛው አይሆንም ስትለኝ እሰማ ነበር። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ቀን አብረን ውለን አናውቅም።

መናኸሪያው አጠገብ ሱፍ የሚሸጥ ቤት ውስጥ ነው የተገኘው። የገለባ መልክ ያለው፣ ስስ፣ ጀርባው ላይ ሦስት መስመር። ቆነጠጥኩት፣ ተመለሰ። ለጠጥኩት፣ ስፌቱ አልሳቀም፣ ክሩ ተከፍቶ አልታየም። የከማልን መዳፍ በሜትርህ ለካሁ፤ አጠለቀ፣ ጨበጠ፣ ዘረጋ፤ አልጎተተም፣ አልተሸበሸበም። ያንተ ደንብ የጎደለበት አንድም ነገር የለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ እንባ ሞላ። ባለሱቁ ዋጋው የበዛብኝ መስሎት ቀነሰልኝ። ያስለቀሰኝ ሌላ ነው፤ ጓንቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ገዝተን ተመለስን። ዶልፊን ሚኒባሷ መርሳ ስታወርደን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ግቢ ስገባ እትዬ ሉባባ፣ እኒያ እንደ እናት ያሳደጉህ ታላቅ እህትህ፣ ለሠርጉ ቅቤ ይዘው ከገጠር መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ድንጋዩ ላይ አንድ የጠቆረ ነገር ፀሐይ ይሞቃል። ቀረብ ስል ጣቶች አሉት።

እንድሪስ፣ ጓንትህን ቅቤ ቀብተውት ነበር። ከማል እንዳልገባለት ከጎረቤት ሰምተው፣ ሳጥኑ ላይ ትቼው የሄድኩትን አንስተው፣ ቆዳ አይደል፣ ደርቆ ነው እንጂ ቅቤ ሲጠጣ ይለቃል ብለው ሙሉ ቀን ሲያሹት ውለዋል። አቁማዳቸውንም፣ የሚሰግዱበትን ቁርበትም የሚያለሰልሱት እንደዚያ ነው። አመድማው ጠፍቶ እንደተቆላ ቡና ሆኗል። አነሳሁት፣ አሸተትኩት። አንተ የለህም። ጠመኔው የለም፣ ዘይቱ የለም። ቅቤ ብቻ። የታጠፉት ጣቶች ተዘርግተው እንደማንኛውም ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

ምን እንዳልኩ ከማል ይንገርህ፤ እኔ አልደግመውም። ዛሬ ነው ባሌ የሞተው ብዬ የጮህኩት ግን ትዝ ይለኛል። ጎረቤት ሮጦ መጣ፣ ለቅሶ መስሎት። እትዬ ሉባባ ቅቤ የነካ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ እየጠረጉ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቤት እያደርን አልተነጋገርንም። ሠርግ ያለበት ቤት፣ ሽንኩርቱን እሳቸው እዚያ ጥግ ሲልጡ እኔ እዚህ ጥግ ስልጥ፣ ሴቶቹ በመካከላችን ወሬ ሲያቀብሉ።

በመጨረሻ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሽንኩርቱን እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ ነው የጀመሩት። ዘሀራዬ፣ አሉኝ፣ እንድሪስ ልጅ ሳለ ከሽንኩርት መስኖ ሲመጣ እጁ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። እናታችን ሞታለች። ቅቤ የምቀባው እኔ ነበርኩ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፤ ሳልቀባው አይተኛም ነበር። ሐኪም ቤት ስትወስዱት እኔን አላደረሰኝም፣ እጁን ሳልይዘው ሄደ። ያን ቀን ሳጥንሽ ላይ ሳየው ጓንት አልመሰለኝም። እጁ ነው የመሰለኝ። ደርቆ አሳዘነኝ። እኔ ምን አውቄ፣ አላህ ያውቃል ክፋት አይደለም።

የሽንኩርቱ እንባ ነው ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር። አቅፌያቸው አለቀስኩ። ያንን ጓንት ይህን ያህል ጊዜ እኔ ብቻ የተዘረፍኩ መስሎኝ ነበር የማቅፈው። ከኔ በፊት ያን እጅ በመዳፋቸው ይዘው ያሳደጉት ሴት መኖራቸውን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

በሠርጉ ዋዜማ ከማል ሁለቱንም ጓንት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። የገለባ መልኩ አዲሱ ደንቡን ያሟላል። ያንተው ደግሞ አሁን ጥቁር ሊባል ምንም አልቀረው፤ ባንተ ሕግ ከሄድን ለሐዘንተኛና ለሞተረኛ ነው። ምርጫው የሙሽራው ነው። አዲሱን አንሥቶ አየው፣ አስቀመጠው። ያንተን ቀኝ አንሥቶ ቀስ ብሎ አስገባ። አንጓው ላይ ደረሰ፤ አለፈ። ጨበጠ፣ ዘረጋ፣ ጨበጠ። ልጄ ብዙ የሚናገር ልጅ አይደለም። ገባ፣ ብቻ አለ። ከዚያ እስኪተኛ ድረስ አላወለቀውም።

ሐራ በእኩለ ቀን ደረስን። ያንተ ምኞት አልሞላም፣ ባቡር ሳይሆን የተከራየናቸው ዶልፊኖች ናቸው ያደረሱን። ልጅህ ከመኪናው ሲወርድ ብታየው! ሱፉ ቁጭ ብሎበት፣ ጥቁር ጓንቱ ፀሐይ ላይ እያበራ። ሕዝቡ ታዲያ ዝም አይልም፤ የሐራ ልጃገረዶች ሙሽራው በሞተር ነው እንዴ የመጣው እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ አንተን ማጣቴ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። አብረን የምንስቅበት ነበር። ማን ጋ ልሳቅ?

ኒካሁ ሲታሰር እንደ አክስቴ በመጋረጃው ሥር ቆሜ አየሁልህ። ቁሚና እይልኝ ብለኸኝ የለ። ከትንሿ ጣት ጀመረ። እያንዳንዷን ላላ አድርጎ የቀኙን አወለቀ፣ በግራው ያዘ፣ ባዶ እጁን ለሐያት አባት ዘረጋ። እጁ በቅቤ ወዝቶ ነበር። ሽማግሌው ሲጨብጡት አፍንጫቸው ስር ሽታው ደርሷቸው ቀና ብለው አዩት፤ ፈገግ አሉ፣ ጠበቅ አድርገውም ያዙት። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። እትዬ ሉባባ ናቸው ለሁለታችንም እልል ያሉት።

ኋላ ሙሽሮቹ ጉልበቴን ሊስሙ መጡ። ከማል ጓንትህን ከሁለቱም እጁ አውልቆ ጭኔ ላይ አኖረና ጎንበስ አለ። መርቄ ካስነሣሁት በኋላ ጓንቱ ጭኔ ላይ ቀረ፣ ከእጁ ሙቀት እንዳልተለየ። ከእንግዲህ የማበላሸው ቅርጽ የለም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አስገባሁ። ለስልሶ፣ ሞቆ፣ በቅቤ ተሞልቶ ነበር። ሌባ ጣቴ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ነካ። ያ ስፌትህ ነው፤ ከውጭ እንዳይታይ ከውስጥ የሰፋኸው፣ እያሞጋገስኩ እንዳላይልህ ያለፍኩት። ጥቃቅን፣ የተጠጋጋ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ልማድህ ለመተማመኛ ወደ ኋላ ተመልሶ የተደገመ። ሺህ ስፌት ቢሰጡኝ ዓይኔን ጨፍኜ ያንተን እለየዋለሁ። ቅቤው ሽታህን ወስዷል፣ መልክህን ወስዷል፤ ስፌትህን አልወሰደም። ጣትህ በነበረበት ቦታ ጣቴን አኑሬ ሠርግ መሆኑን ረስቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አውልቄ ለእትዬ ሉባባ ሰጠኋቸው። እጃቸውን አስገብተው ሌባ ጣታቸውን እስከ ጫፉ ስፌት ገፉ። እሳቸውም አገኙህ።

የኔ ጌታ፣ አዲሱን ጓንት ለሚሞሸር ሁሉ ላውሰው ብዬ ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም፣ ሁሉም ነጩን ነው የሚለው። ያንተው ሳጥኑ ውስጥ ነው። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ የማይረሳ ነገር መሐላ አይፈልግም። ረመዳን በቀረበ ቁጥር ሳጥኑን እከፍታለሁ። ቅቤውን እትዬ ሉባባ ያመጣሉ፤ እኔም ጣቶችህን አንድ በአንድ እቀባቸዋለሁ።

ሚስትህ ዘሀራ
ከመርሳ